ዳገት ሰዓት እንጂ ዕድሜ አይጠይቅም

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በሽኝቱ ቀን መሥሪያ ቤቱ ዳቦ ያስቆርሳል፣ ጋቢ ያለብሳል፣ ፎቶ ይነሣል። ስጦታዎቹን ልብ ብላችሁ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? ጋቢ፣ ምቹ ወንበር፣ አቅም ከፈቀደም ሰፊ ቴሌቪዥን። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ከእንግዲህ አርፈው ይቀመጡ» ይላሉ። ብስክሌት የሸለመ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልሰማሁም።

የእኔ ሙያ ማርኬቲንግ ነው፤ እኛም ከዚህ የተለየን አይደለንም። በማስታወቂያዎቻችን ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ብቅ የሚሉት ለበዓል መልካም ምኞት፣ ለቁጠባ ደብተር ወይም ለመነጽር ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጠው። ብስክሌት ላይ የምናወጣው ገና ሠላሳ ያልሞላውን ነው። ምስል ሲደጋገም እውነት ይመስላል። ከዚያ እናንተ ሳሎን ይገባና «አባዬ፣ ይሄ እኮ የልጆች ነገር ነው» የሚል ንግግር ሆኖ ይወጣል።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ወር ጨዋታችን በዚህች ንግግር ላይ ነው። 60 ዓመት ያለፈው አባት ወይም እናት ሞቃትና ዳገታማ በሆነ አገር ረጅም መንገድ በብስክሌት መጓዝ ይችላሉ ወይ? መልሴ «አዎ፣ ሰዓቱን ካወቁበት» የሚል ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የታወቀ መንገድ ይዘን እንነጋገር፤ ከሻንቶ ተነሥተን፣ ሶዶን አልፈን፣ አርባ ምንጭ እንግባ።

መንገዱ ምን ይመስላል?

ሻንቶ በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ዙሪያዋ እንሰትና ስኳር ድንች የሞላበት፣ ጎጆ ከጎጆ የተጠጋጋበት፣ ከንጋት ጀምሮ መንገዱ ከሰው የማይለይ ወይና ደጋ ነው። ከዚያ ወደ ሶዶ የሚጓዝ ሰው የዳሞታን ተራራ እያየ ይሄዳል። ሶዶ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከሶዶ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ መንገዱ ወደ ሁምቦ ይወርዳል፤ ጠበላን ያልፍና የአባያን ሐይቅ በግራ አድርጎ፣ በብርብር በኩል፣ አርባ ምንጭ ይገባል። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የሐይቁ ዳርቻ ከፍታ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ከሶዶ ተነሥቶ ሐይቁ ዳር የደረሰ ሰው 800 ሜትር ያህል ወርዷል ማለት ነው። ሲወርዱ ደስ የሚለው ይህ መንገድ ሲመለሱ ዋጋውን ያስከፍላል። ሙቀቱም አለ። ሶዶ ላይ ሹራብ ያስፈለገው ሰው ብርብር ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ሙዝና ማንጎ የሚበቅልበት ቆላ ነውና።

መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያልፍ ሰው ይህ ሁሉ የሁለትና የሦስት ሰዓት እንቅልፍ ነው። በብስክሌት ለሚያልፍ ግን አገር ነው። ሁምቦን ብንወስድ፣ ተራቁቶ የነበረው ተራራ ዛሬ ደን ለብሷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከምሳር ተከልሎ እንዲያገግም ተደርጓል። አብዛኛው ደን አዲስ ችግኝ ተተክሎ የመጣ አይደለም። ከመሬት በታች ሥራቸው ያልሞተ አሮጌ ጉቶዎች ነበሩ፤ ገበሬዎቹ ቡቃያቸውን እየመረጡና እየገረዙ ዛፍ አደረጓቸው። ከጉቶ ደን እንደሚወጣ ለማየት ቀስ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል።

ሥራው ያው ነው፤ የሚለያየው ሰዓቱ ነው

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። 70 ኪሎ የሚመዝኑ አባት፣ ከነብስክሌቱና ከነሻንጣው 90 ኪሎ ይሆናሉ እንበል። ይህን 90 ኪሎ 800 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ የተወሰነ ነው፤ የሃያ ዓመት ወጣትም ሆነ የስልሳ አምስት ዓመት አዛውንት ቢያደርገው አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለያየው በስንት ሰዓት ተሠራ የሚለው ነው። የነፋሱንና የጎማውን ሰበቃ ትተን ብናሰላው፣ ዳገቱን በ2 ሰዓት ለመጨረስ እግር ያለማቋረጥ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ኃይል ማውጣት አለበት። በ4 ሰዓት ለመጨረስ ግን 50 ዋት ይበቃል። ሰዓቱን እጥፍ ስናደርገው ከእግር የሚጠየቀው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል።

ለንጽጽር አንድ እውነተኛ ሰው ላንሣ። ፈረንሳዊው ሮቤር ማርሻን እ.ኤ.አ. በ1911 ተወልደው በ2021፣ በ109 ዓመታቸው ያረፉ ብስክሌተኛ ናቸው። በ100 ዓመታቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ ጋልበው በዕድሜ ክልላቸው ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች 101 ዓመት ሲሆናቸው በላቦራቶሪ ሲለኳቸው ከፍተኛው ኃይላቸው 90 ዋት ነበር። ከዚያ ለሁለት ዓመት በዕቅድ ተለማመዱ፤ ከልምምዱ አብዛኛው ቀላል፣ አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ጠንከር ያለ ነበር። በ103 ዓመታቸው ሲለኩ ኃይላቸው ወደ 125 ዋት ከፍ ብሎ ተገኘ። በ102 ዓመታቸው ደግሞ ያንኑ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን አሻሽለው ወደ 27 ኪሎ ሜትር አድርሰውታል።

እርግጥ ማርሻን ብርቅዬ ሰው ናቸው፤ አባታችሁ እንደሳቸው ይሁኑ ማለቴ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ሰውነት ላይ ልምምድ ለውጥ ካመጣ፣ 63 ዓመት የሞላቸውን ሰው «አለቀልዎ» ማለት ግን ተገቢ አይሆንም።

የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆኑ 125 አማተር ብስክሌተኞችን መረመሩ። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ወንዶቹ 100 ኪሎ ሜትርን ከስድስት ሰዓት ተኩል ባነሰ፣ ሴቶቹ 60 ኪሎ ሜትርን ከአምስት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ መጨረስ ነበረባቸው። ጡንቻቸው እንደ እኩዮቻቸው ሳስቶ አልተገኘም፤ የበሽታ መከላከያ ሕዋሶቻቸው አንዳንድ መለኪያም የወጣቶችን ይመስል ነበር። እኛ «እርጅና ነው» የምንለው ነገር ከፊሉ የመቀመጥ ውጤት ነው ማለት ነው።

ዕድሜ ምንም አይወስድም ብዬ አልዋሻችሁም። የልብ ከፍተኛ ምት ይቀንሳል፣ ሳንባ የሚያስገባው አየር ያንሳል፣ የደከመ ጡንቻ ለማገገም የሚፈልገው ጊዜ ይረዝማል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚቀንሱት ፍጥነትን ነው። መንገዱን የሚዘጉት ፍጥነትን የግድ ስናደርገው ብቻ ነው።

የአይሪሿ እመቤት

ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ጸሐፊ ነበረች። በ10 ዓመቷ ብስክሌትና የዓለም ካርታ መጽሐፍ በስጦታ አገኘች፤ ያኔ አንድ ቀን እስከ ሕንድ በብስክሌት እሄዳለሁ ብላ ወሰነች። ነገር ግን እናቷ ታመው ስለነበር በ14 ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ አስታማሚ ሆነች። እናቷ እስኪያርፉ ድረስ ረጅም ዓመታት ቤት ዋለች። ከዚያ በ31 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ክረምት፣ ብስክሌቷን ይዛ ከአየርላንድ ወደ ሕንድ ተነሣች፤ ደረሰችም።

አገራችንንም ታውቃታለች። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ መጥታ ጆክ የተባለ በቅሎ እየነዳች የሰሜኑን ተራሮች በእግሯ አቋርጣ አዲስ አበባ ገብታለች። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በ60 ዓመቷ ያደረገችው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ከኬንያ ተነሥታ ኡጋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ዛምቢያን በብስክሌት አቋርጣ ዚምባብዌ ገባች። እኛ ሰው ጋቢ አልብሰን በምናስቀምጥበት ዕድሜ እሷ ምሥራቅ አፍሪካን በሁለት ጎማ ወረደች። በ90 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2022 አረፈች።

በአገራችንም ብስክሌት የውጭ ሰው ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትሰለፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ። አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ባሸነፈበት የሮም ኦሊምፒክም ተወዳድሯል። የአያቶቻችሁ ትውልድ ብስክሌትን ያውቀዋል። የረሳነው እኛ ነን።

አሁን ለራሳቸው ለተጓዦቹ

ቃሌን ከልጆቹ ላዙርና ለእርስዎ፣ 60ን ላለፉት፣ ልናገር። ሙቀትና ዳገት የሚጠይቁት ጥንቃቄ ከወጣቱ ይለያል።

*መጀመሪያ ሐኪም።* ደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ልብዎን ይታዩ። ሲታዩ «እስፖርት ልጀምር ነው» ብቻ አይበሉ፤ «በሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ብስክሌት ልጋልብ ነው» ብለው በግልጽ ይንገሩ። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ሽንት ያበዛሉ፤ በሙቀት ደግሞ ውኃው በላብም ይወጣል። አንዳንዶቹ የልብ ምትን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ የእጅ ሰዓትዎ የሚያሳየው ቁጥር ድካምዎን በትክክል አይነግርዎትም። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ረጅም ጉዞ ስኳርዎን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

*ጥማትን አይመኑት።* ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውኃ አጥሮት እያለ አፍ «አልጠማኝም» ይላል። ላብም እንደ ወጣትነት ቶሎ አይመጣም፤ ስለዚህ ሰውነት ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ይዘገያል። መፍትሔው በሰዓት መጠጣት ነው። በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። ለረጅም ሰዓት ላብ ሲያልብዎ ውኃ ብቻ አይበቃም፣ ጨውም ወጥቷልና። ከመድኃኒት ቤት «ለምለም» ይያዙ። ካጡ ደግሞ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ የውኃውንና የጨውን መጠን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

*ማርሽ ይምረጡ፣ ጉልበትዎን አይክሰሱ።* ብዙ ሰው ብስክሌት ሲገዛ ቀለሙን ያያል። እርስዎ ማርሹን ይዩ። ከፊት ትንሽ ጥርስ፣ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ያለው ብስክሌት ዳገትን ያለዝበዋል። ፔዳሉ ከብዶ ጉልበትዎ ላይ ጫና ከፈጠረ ማርሹ ከብዷል ማለት ነው። እግር ቶሎ ቶሎና በቀላሉ ይዙር። የመቀመጫውን ከፍታ ለማስተካከል ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያሳርፉና ወደ ታች ያውርዱት፤ ያኔ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። መቀመጫው ዝቅ ሲል ጉልበት ያማል፤ ብዙ ሰውም ሕመሙን በዕድሜ ያሳብባል።

*የንግግር መለኪያ።* ዳገት ላይ ሆነው ከጎንዎ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ቃል በቃል ከተቆራረጠብዎ ማርሽ ይቀንሱ። ማርሹ ካለቀ ይውረዱና ይግፉ። መግፋት ነውር አይደለም። ብስክሌቱ ሻንጣዎን ተሸክሞልዎት በእግርዎ እየሄዱ ነው፤ ዳገቱም ያልቃል።

*ቁልቁለቱን ይፍሩት።* ከሶዶ ወደ ሁምቦ ሲወርዱ አደጋው ከድካም አይመጣም፤ ከደስታ ነው። ፍሬኑን ጨብጠው አይቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ። ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ቸርኬውን ያግላል፤ የጋለ ቸርኬ ካላማዳሪ ሊያፈነዳ ይችላል። ከመነሣትዎ በፊት የፍሬኑን ጎማ ይለውጡ። የራስ ቁር ያድርጉ። ሩቅ የሚታይ ልብስ ይልበሱ፤ ከፈለጉ የወላይታው ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት አለልዎት፤ የአይሱዙ ሾፌር ከሩቅ ሳያየው አያልፍም።

*ምልክቶቹን ይወቁ።* ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ በሙቀት መሃል ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ ጉዞው በዚያ ሰዓት አበቃ። ጥላ፣ ውኃ፣ እርጥብ ጨርቅ በአንገትና በብብት ላይ። የደረት ሕመም ወይም ግራ መጋባት ከታየ ደግሞ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ቀኑን እንዴት እንከፋፍለው?

ወጣት ሶዶን ማልዶ ለቆ ማታ አርባ ምንጭ ሊገባ ይችላል። እርስዎ ግን ውድድር የለብዎትም። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከሻንቶ ሶዶ። አጭር ነው፤ እንዲያጥርም የፈለግሁት ሆን ብዬ ነው። ሰውነትም ብስክሌትም የሚፈተሹበት ቀን ነውና። ሶዶ ላይ ጎሚስታ አለ፤ የላላ ካቴና፣ የሚፈስ ካላማዳሪ እዚያው ይስተካከላል።

በሁለተኛው ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥተው በቀዝቃዛው ሰዓት ይውረዱ። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይዋ የቆላው ባለቤት ናት፤ አይከራከሯት። ጥላ ሥር ይተኙ፣ ይብሉ፣ ከሰው ይጫወቱ። ማታ ብርብር ይደሩ። በሦስተኛው ቀን በሙዝ እርሻው መሃል አልፈው አርባ ምንጭ ይገባሉ። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የምትወጣው ዳገት መጨረሻ ላይ ትጠብቅዎታለች፤ በባጃጅ ቢወጧትም ማንም አይጽፍብዎትም።

መመለሱስ? አንዱ መንገድ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስሮ መመለስ ነው። እርስዎ ግን ዳገቱን ቀምሼ ልሙት ካሉ፣ አመሻሹን ጠበላ ይደሩና ንጋት ላይ ወደ ሶዶ ይውጡ። ከባዱን ዳገት ከቀዝቃዛው ሰዓት ጋር ማጋጠም ማለት ይህ ነው። ዳገቱን ከእኩለ ቀን ፀሐይ ጋር ያጋጠመ ሰው ዳገቱ ገደለኝ ይላል፤ የጎዳው ግን ሰዓቱ ነው።

ምግቡ አያስጨንቅዎ። ስኳር ድንች፣ ቦይና፣ ሙዝ፤ ወላይታና ጋሞ ለብስክሌተኛ የተሠሩ አገሮች ናቸው። የተቀቀለ ስኳር ድንች ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ቀስ እያለም ኃይል ይሰጣል። ዳጣውንና ጥሬ ሥጋውን ግን ለማታ ያቆዩት።

ወቅቱን ይምረጡ። የክረምቱ ዝናብ ቆሞ፣ ጊፋታ አልፎ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። የካቲትና መጋቢት በአርባ ምንጭ አካባቢ ሙቀቱ የሚበረታበት ነው። ሐይቁ ዳር ወባ አለ፤ በአጎበር ይተኙ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ድካም ነው» ሳይሉ ይመርመሩ።

ዝግጅቱንም አያሳጥሩት። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስድበታል። እግር ደግሞ ወራት ይፈልጋል። በሳምንት ሦስት ቀን አጭር ግልቢያ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። ከጉዞው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሑድን ተከታትለው ይጋልቡ። ዋናው ፈተና ረጅም ቀን መጋለብ አይደለም፤ በማግሥቱ ተነሥቶ እንደገና ኮርቻ ላይ መውጣት ነው።

እናቶችስ?

እስካሁን «አባት» እያልኩ መጥቻለሁ፤ ልማድ ነው። ግን ይህ ወግ እናቶችንም ይመለከታል፤ ምናልባትም ይበልጥ። በእናቶቻችን ዘመን ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ መውጣቷ በብዙ ቦታ ነውር ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ አልተማሩም። በ58 ዓመት መማር ይቻላል። ፔዳሉን ፍቱ፣ መቀመጫውን እግር መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጉ፣ ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። መጀመሪያ በእግር እየገፉ ሚዛን መጠበቅን ይለምዳሉ፤ ፔዳል ቆይቶ ይመጣል። ሚዛኑን ከያዙ በኋላ መንገዱ ሩቅ መሆን የለበትም። ለአንዲት እናት ከቤት እስከ ገበያ በብስክሌት መሄድ ከአርባ ምንጭ የሚበልጥ ጉዞ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ለልጆቹ

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ የሠላሳና የአርባ ዓመት ልጆች። ፍርሃታችሁ ከንቱ አይደለም። መንገዳችን አስቸጋሪ ነው፤ መኪናው ይበዛል፤ ሾፌሩ ይቸኩላል፤ በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ እንደ ልጅ አጥንት ቶሎ አይገጥምም። የምትወዱትን ሰው ማጣት ትፈራላችሁ። ግን አንድ ነገር አስቡ። ወንበር ላይ የሚያልፍ ዕድሜም አደጋ አለው፤ ልዩነቱ ድምፅ አያሰማም። ጡንቻ ይሳሳል፣ ግፊት ይወጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጓደኛ ይቀንሳል። ያንን ማንም «አደጋ ደረሰ» ብሎ አይደውልላችሁም።

ደግሞም ጥያቄው የጤና ብቻ አይደለም። አባታችሁ አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ሰዓት ኖረዋል፤ የፊርማ ሰዓት፣ የትምህርት ቤት ሰዓት፣ የእናንተ የጽዋ ወተት ሰዓት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱ የራሳቸው ሆኗል። ከላይ እንዳየነው ዳገት የሚጠይቀው ደግሞ ሰዓትን ነው። ወጣቱ እግር አለው፣ ሰዓት የለውም። እሳቸው ሰዓት አላቸው። በመንገዱ ላይ ከእናንተ የሚበልጡት በዚህ ነው፤ ያላቸውን ሀብት «አይቻልም» በምትል አንዲት ቃል አትቀሟቸው።

ስለዚህ ከልካይ አትሁኑ፤ አዘጋጅ ሁኑ። ብቻቸውን አይሂዱ፣ እኩያ ጓደኛ ይፈለግ። የመድኃኒታቸው ዝርዝር፣ የደም ዓይነታቸውና የእናንተ ስልክ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ኪሳቸው ይግባ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚደወልበት ሰዓት ይወሰን፤ ከዚያ ውጭ ግን በየደቂቃው አትደውሉ፣ ዳገት ላይ ስልክ ማንሣት ራሱ አደጋ ነው። ከመሸ አይጋለብ። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ በዚያ ያለ ሰው ይጠየቅ። የማደሪያውን ቦታ ደውላችሁ ያዙ። ከቻላችሁ አንዱን ቀን አብራችሁ ጋልቡ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያኔ ይታያል።

መንገድ ላይ ስለሚያገኟቸው ሰዎችም አትስጉ። ፀጉራቸው የሸበተ ሰው በብስክሌት ሲያልፉ የወላይታ ልጆች ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ አዋቂው ከደጁ ሆኖ «ሳሮ!» ይላል። እሳቸውም «ሳሮ!» ይላሉ። ትንፋሻቸው ለዚህች መልስ ከበቃ ፍጥነታቸው ልክ ነው፤ የንግግር መለኪያውን አልፈዋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እራት ላይ ወሬው ከተነሣ፣ «ለምን ትሄዳለህ? ምን ጎደለህ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። በእሱ ፋንታ «ስንት ሰዓት ላይ ትነሣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመጀመሪያው ጥያቄ ጠብ ይወጣል። ከሁለተኛው ዕቅድ ይወጣል።